አራተኛው ሰላምታ

ጁወይሪያ እርጉዝ ሆና ሞተች። ከሚሴ ግን መካን ብላ ቀበረቻት።

እውነቱን ከሚሴ ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የሚያውቀው ባሏ ሙሀዲን ነው፤ እሱ ደግሞ ከሚሴ አይደለም፤ ሆላንድ ሰሜን ጫፍ፣ አንድ የላም እርሻ ውስጥ፣ ከበረቱ ጀርባ በተሰጠችው ክፍል በጀርባው ተንጋሎ ጣራ ያያል። ቀትር ነው። ላም የሚያልበው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ስለሆነ እንቅልፉ ሰው ሲሠራ መሆን ነበረበት፤ መጋረጃውን ጎትቶ፣ ጃኬቱን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሞክሯል፤ የዚህ አገር የበጋ ብርሃን ግን እንደ ወሬኛ ጎረቤት ነው፣ ቢዘጉበትም ቀዳዳ አያጣም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ቢል ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ፣ ስልክህን ከመኝታህ አርቅ፣ ሻይ ቀንስ፣ አንድ ወር ጠብቅና ካልተሻለህ ተመለስ አለው። ሻዩን ቀንሷል። ስልኩን አላራቀም። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው፤ ውስጡም የአማቱ የረቢአ ድምፅ አለ፤ ጠዋት የላከችው ነው፤ ደጋግሞ ሰምቶታል፤ አሁንም ጆሮው ላይ ያስጠጋዋል።

«ሙሀዲኔ፣ ልጄ፣ ነጋያ? ደህና ነህ? እኛ አልሀምዱሊላህ። ያን የመድኃኒቱን ነገር ልልህ ነው። በሻርፕ ጠቅልላ ከሳጥኗ ሥር ያኖረችውን። የጨጓራ ነው ብለኸኝ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት እኔም ስውጥ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ይሄ እሱን አይመስልም። እንዲያው ሆዴ እምቢ አለኝ። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ሙጂብ በባጃጁ መድኃኒት ቤት ያደርሰኛል፤ አሳይቼ እጠይቃለሁ። በል፣ ሰላም ሁን።»

ሙጂብ የጁወይሪያ ወንድም ነው። ባለመድኃኒት ቤቱ ደግሞ ማንም ይሁን ማን አንድ ጊዜ አገላብጦ ማየት ይበቃዋል፤ እናቴ፣ ይህ ፅንስ የሚያጸና ነው፣ ለነፍሰ ጡር ነው የሚሰጠው ይላታል፤ እሷም ባንኮኒውን ይዛ ትቆማለች፤ ምክንያቱም ጁወይሪያ ሆዷን ይዛ ክሊኒክ አልጋ ላይ በተኛችበት ቀን፣ ሐኪሙ «እርጉዝ ልትሆን ትችላለች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጅቷ ዝም ስትል፣ የመለሰችለት ረቢአ ናት። «አይ ልጄ፣ የአላህ ነገር ሆኖ መካን ናት። ቁስሏን አትንካባት» አለችው። ይህን ለሙሀዲን የነገረው ሙጂብ ነው፤ የእናቱን ርኅራኄ ሊያወራለት ብሎ ነው የነገረው፣ እያለቀሰ፣ እማ እኮ እስከመጨረሻው ሸፈነቻት እያለ። ሙሀዲን ይህን ሲሰማ ከሥራ ወጥቶ ከበረቱ ደጅ ቦቱን እያጠበ ነበር፤ የያዘው ቱቦ ውሃውን እግሩ ላይ ሲያፈስ ቆየ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ቢናገር የሞተችው ስሟ ይነጻል፣ በሕይወት ያለችው ትሰበራለች። ዝም ቢል ባለመድኃኒት ቤቱ ይናገርለታል። እስከዛሬ ዝም ያለው ለአሮጊቷ ብሎ እንደሆነ ለራሱ ይነግረው ነበር። ራሱ ግን እንደ ሐኪሙ ነው፣ አንድ ወር ጠብቅ ይለዋል እንጂ አያምነውም።

ጁወይሪያን ያገባት ከሚሴ ላይ ነው፤ አብረው የኖሩት ግን ተቆጥሮ የማይሞላ ጊዜ ነው፤ እሱ በጅቡቲ በኩል ሊወጣ ሞከረ፣ ተመለሰ፣ በሱዳን በኩል ወጣ፣ ሊቢያ ተያዘ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ሆላንድ ደረሰ፣ ወረቀት እስኪያገኝ ጠበቀ፣ ወረቀት ሲያገኝ ሚስቱን ለማምጣት ጠየቀ፣ የሥራ ውልህ አጭር ነው ተባለ፣ ውሉ ሲረዝም ሌላ ነገር ጎደለ ተባለ። በየዓመቱ አንድ ወር እየሄደ ያያታል። ወር ባለቀ ቁጥር ጥሏት ይመጣል፤ ወር ባለቀ ቁጥር ደሟ ይመጣል። ከሚሴ ደግሞ አገር ናት፣ ዐይን አላት። የጎረቤቷ ሸሪፋ ሰርግ ቤት ውስጥ በሴቶች መሀል ምን እንዳለቻት ጁወይሪያ ራሷ በስልክ ነግራዋለች፣ እየሳቀች። «‹ባልሽ በስልክ ነው እንዴ የሚያስረግዝሽ? በይ እንግዲህ ካርድ ሙይ!› አለችኝ። ወላሂ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።» «አንቺስ ምን አልሽ?» «ኔትወርክ የለም አልኳት።» እሱም ሳቀ። የዚያን ጊዜ ያሰኘው ልጅ ይሁን፣ ወይስ ለሸሪፋ መልስ የሚሆን ልጅ፣ አያውቅም። እዚህ ተኝቶ ሲያስበው ሁለቱን መለየት ያቅተዋል።

አዲስ አበባ የሄዱት ባለፈው ፈቃዱ ላይ ነው። ለሰው ለሕክምና ነው አላሉም፤ ዘመድ ጥየቃ ነው አሉ። ሐኪሟ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ ከሷ እንቁላል ከሱም ዘር ወስደው ከሰውነት ውጪ አገናኝተው ፅንስ ሲሆን መልሰው እንደሚያኖሩት አስረዳቻቸው፤ ጁወይሪያ መሬት መሬት እያየች ሰማች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ ካኖራችሁት በኋላስ እዚያው መቅረቱ በምን ይታወቃል አለች። ሐኪሟ ወንበሯን ወደሷ ጠጋ አደረገች። «ፅንሱ ይናገራል» አለቻት። «ልብ የለው፣ ዐይን የለው፣ የጤፍ ፍሬ አያክልም፤ ግን ይናገራል። አፍ ስለሌለው በኬሚካል ነው የሚናገረው። ‹መጥቻለሁ፣ አለሁ፣ አልጋውን አታንሡ› ይላል። ማህፀንሽ ደግሞ ይሰማል። ሁልጊዜ አይሰማም፤ ጆሮው የሚከፈተው ለጥቂት ቀናት ነው። በነዚያ ቀናት ድምፁ ከደረሰው ይቀበለዋል፣ ይመልስለታል፣ ቦታ ያደላድልለታል። ካልደረሰው፣ ወይ ድምፁ የታመመ ድምፅ ከሆነበት፣ ማንም የለም ብሎ አልጋውን ያነሣል። ያ ነው የወር አበባሽ። እኛ ደምሽን ወስደን የምንለካው ያንን ጥሪ ነው።»

ጁወይሪያ አሰበች። «ስንት ጊዜ ነው ሚጣራው?» አለች።

«እስኪሰማ ድረስ ነው። አያቆምም።»

«እንግዲያማ አደብ የለውም» አለች ጁወይሪያ። «እኛ አገር ሦስቴ ነው።» ከዚያ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች፤ ሐኪሟም ነገሩ ባይገባትም አብራ ሳቀች። ሙሀዲን አልሳቀም። ለሱ ሦስቴ የሚባለው ነገር ሳቅ አያመጣበትም።

እናቱ በሞተች ጊዜ አባቱ ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ጢም አላበቀለም፤ ልብሱን በፌስታል ይዞ ከሸለቆው ማዶ በእግሩ ጨፋ ሮቢት መጣ፣ የአባቱ ወንድም አብዱልጀባር እዚያ እህል ነጋዴ ነው፣ ግቢው ቆርቆሮ በር አለው። ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ስለነበር እስከ ወገቡ ርሷል። በሩ ላይ ቆሞ አሰላሙ አለይኩም አለ። ውስጥ የሰሀን ድምፅ ነበር። ደግሞ አለ። የሰሀኑ ድምፅ ቆመ። ሦስተኛ አለ። ማንም አልመለሰም። መድረሳ ያስተማሩት ሸህ ሰው ቤት ሦስቴ ሰላም ብለህ መልስ ካጣህ ተመለስ፣ የሰው ቤት አይደፈርም ብለውታል፤ ተመለሰ። ከእህል ተራው ጆንያ መሀል አደረ፣ በነጋታው ጆንያ ተሸከመ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን ጆንያ ሲሸከም፣ የሰው በሬ ሲነዳ፣ የጭነት መኪና ላይ ማሽላ ሲጭን ኖረ። አጎቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ገበያ መሀል አገኘው። «ያን ቀን መጥተህ ነበር አሉኝ» አለው፣ ጥርሱን እየፋቀ። «ሦስቴ ብዬ ነበር» አለ ሙሀዲን። አጎቱ ሳቀ። «አንተ ቂል! ሦስት እኮ ለባዳ ነው። የሥጋ ዘመድ በር ይሰብራል።» ሙሀዲን ጆንያውን አንሥቶ ሄደ። ያን ቀን የወሰነው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ምድር ላይ የማንንም በር ለአራተኛ ጊዜ አላንኳኳም። ሚስቱን ያገባ ዕለት ይህንን ታሪክ ነገራት፤ እሷም ምን ጊዜም አልረሳችለትም። በስልክ ስትደውልለት ሦስቴ ትሞክራለች፣ ካላነሣ ትተዋለች፤ ሥራ ላይ ነው ብላ፣ ክብሩን ጠብቃ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ኋላ ልማድ ሆነ።

ፅንሱን አኑረውላት እሱ ተመለሰ። እሷ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቆየች። አንድ ቀን ሥራ ጨርሶ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ደወለች፤ አነሣ። «ሰላም ብሏል» አለች። «ማን?» «ደጄ ላይ ቆሞ። ወአለይኩም ሰላም ብዬዋለሁ።» ቦቱ አንድ እግሩ ላይ እንዳለ መሬት ተቀመጠ። ደሟን ለክተው ያን ጥሪ አግኝተውበታል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ በሕይወቱ አንድ በር ተከፍቶለታል። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ደስታ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። «ለማንም እንዳትናገሪ።» «ለእማስ?» «ለእማም። ሆድሽ ሳይገፋ ለነፍስያሽም እንዳትነግሪ። ዐይን አለ።» እነሱ ዘንድ እርግዝና አይነገርም፣ ይታያል። የነገሩት ሰው ዐይኑ ይወጋል፤ ስንቱ ምቀኛ አለ፤ ይህን ጁወይሪያም ታውቀዋለች፣ እሱ ባይላትም ታደርገው ነበር፤ ቢሆንም እሱ ብሏታል። ለእናቷ እንኳ እንዳትነግር ያለው እሱ ነው፤ እዚህ ላይ ልማዱን ጥፋተኛ ማድረግ ይፈልጋል፤ ልማዱ ግን እናትን አይጨምርም።

አሁን በረቱ ውስጥ የሚያያት አንዲት ጊደር አለች። እዚህ የሚያረግዙት በኮርማ ብቻ አይደለም፤ የጥሩ ላም ፅንስ ታጥቦ ይወጣና በሌላዋ ማህፀን ይቀመጣል። የከብት ሐኪሟ ማሬከ ጓንቷን እስከ ትከሻዋ ለብሳ ስትሠራ እሱ ጭራ ይይዝላታል። ጊደሯ ላይ ፅንሱን ያኖረች ቀን፣ እዚያው ይቀራል ወይ ብሎ ጠየቃት። «እሱ ከተናገረና እሷ ከሰማች ይቀራል» አለች ማሬከ። «ላም ውስጥ ኬሚካሉ ከሰው ይለያል፤ ሥራው ግን ያው ነው። በጊዜው ‹አለሁ› ካላላት ሰውነቷ ባዶ ነኝ ብሎ ያስባል፣ ደግሞ ኮርማ ትፈልጋለች።» ያንኑ ቃል በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ አገር፣ ከፋንድያ ሽታ ጋር ሲሰማው እጁ ጭራውን ለቀቀው፤ ጊደሯ ረገጠችው። ጊደሯ አንገት ላይ ቀበቶ አለ፤ ቀበቶው ስንት ጊዜ እንዳመሰኳች፣ ስንት እንደተኛች፣ መቼ እንደተቅበጠበጠች ለኮምፒውተሩ ያሳብቃል፤ ትንሽ ከታመመች የእርሻው ጌታ ስልክ ይጮኻል። እዚህ ላም እርግዝናዋን ልትደብቅ ብትፈልግ እንኳ አትችልም። ጁወይሪያ የሚያሳብቅባት ቀበቶ አልነበራትም። የነበራት ባል ነው፣ እሱም ዝም በይ ያላት።

ደግመው ደሟን ሲለኩት ቁጥሩ ጨምሯል፤ የጨመረው ግን በሚጠበቅበት ልክ አልነበረም። ሐኪሟ ለጁወይሪያ ነገረቻት፦ ከሚሴ ሄደሽ ዕረፊ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ተመልሰሽ በአልትራሳውንድ መታየት አለብሽ፣ የት እንደተቀመጠ ማየት አለብን። የት እንደተቀመጠ። ጁወይሪያ ቃሉን እንዳለ ነው የነገረችው። «የት ይቀመጣል ታዲያ? ሌላ የት አለ?» አላት። «እኔ ምን አውቄ። ልሂድ ወይ?» «ከሚሴ ገብተሽ በሳምንትሽ ደግሞ አዲስ አበባ ስትወርጂ ሰው ምን ይላል? ደግሞ መንገዱ፤ ያራግፈዋል።» «ደሴስ ብታይ? ቅርብ ነው።» «ደሴ የሙጂብ ጓደኛ ሹፌር ሞልቷል። ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ጨመረ አይደል ያሉሽ? ጨመረ ማለት ጨመረ ነው።» «እሺ በቃ» አለች። እሺ በቃ ስትል ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ አልሰማውም፤ አሁን ይሰማዋል፤ ጣራውን እያየ ነው የሚሰማው፤ እሺ በቃ፣ እሺ በቃ ትላለች፤ መጋረጃው ላይ ያለው ብርሃንም ያንኑ ይላል።

የደወለችበት ቀን ማለቢያው ውስጥ ነበር። ስልክ ከልብስ መቀየሪያው ሣጥን አይወጣም፣ ሕግ ነው። ሥራ ጨርሶ ሣጥኑን ሲከፍት ሦስት ያልተነሣ ጥሪ አየ። የሷ ነው። ሦስት፣ ከዚያ ዝም። ስለ ደሴው ልትነዘንዘኝ ነው ብሎ አሰበ። ደክሞት ነበር። ዳቦውን በላ፣ እግሩን ታጠበ፣ ስነሣ እደውልላታለሁ አለና ተኛ። ያን ቀን መጋረጃ አላስፈለገውም። ያን ቀን ጃኬት መስኮት ላይ አልሰቀለም። እንደ ሕፃን ተኛ፤ እሷ ክሊኒክ አልጋ ላይ ነበረች፤ ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ሙጂብ ቆሟል፣ ሸሪፋ ቆማለች፣ እናቷ ራስጌዋ ናት፤ ጁወይሪያ ሸሪፋን አየት አድርጋ ዐይኗን ጣለች፤ ለባሏ ሦስቴ ደውላ መልስ አላገኘችም፤ ያልተፈቀደላትን አትናገርም፤ እናቷ መካን ናት አለች። ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ መርፌ ወጓት፣ ቤቷ መለሷት። ቤት እንደገባች ትከሻዬን አመመኝ አለች፤ ከዚያ ወደቀች። ሙጂብ መኪና ለምኖ ወደ ደሴ ይዟት ሲበር መንገድ ላይ ሞተች። እንደ ደንቡ በዚያው ቀን ተቀበረች። ሙሀዲን ሲነቃ ስልኩ ላይ የሙጂብ ጥሪ ተደርድሮ አገኘ፤ ሙጂብ ሦስት ላይ አያቆምም፤ መቼም አደብ አያውቅም እያለ ነው የከፈተው።

የእርሻው ጌታ አዘነ። ትከሻውን ያዘው፤ ለሚስት ሞት የሚሰጠውን ፈቃድ ሰጠው። ፈቃዱን ምን ያድርገው፤ ቀብሩ አልቋል። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ጨረሰው። ከዚያ የአዲስ አበባዋ ሐኪም ደወለች፤ ጁወይሪያ ለምን ቀረች፣ ስልኳ ዝግ ነው አለች። ነገራት። «የእንቁላል ቱቦው ውስጥ ነው የሚሆነው» አለች ሐኪሟ። ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ፣ እዚያ አድጎ፣ ቱቦውን አፈነዳው፣ ደሟ ወደ ውስጥ ፈሰሰ፤ ትከሻዋን ያማትም ለዚህ ነው። «በሰው ሠራሽ መንገድ የተቀመጠም አንዳንዴ ወደዚያ ይሄዳል። ለዚህ ነበር ተመለሺ ያልኳት። ቁጥሩ ቀስ እያለ የጨመረው ለዚህ ነው።» «ግን ተናግሯል አይደል?» አላት። ለምን ይህን እንደጠየቀ አያውቅም። «ተናግሯል» አለች። «ሰውነቷም ሰምቶታል፤ አልጋውንም አንጥፎለት ነበር። እሱ ግን ሌላ ደጅ ላይ ነበር የቆመው።»

ሙሀዲን ከዚህ በኋላ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። ልጁ ሰላም አለ፤ ተመለሰለት፤ ደጁ ግን ሌላ ነበር። ሚስቱ ሰላም አለች፤ ደጁ ትክክል ነበር፤ የሚመልስ አልነበረም። ቢመልስላትስ ኖሮ ምን ይላት ነበር? ለሐኪሙ ንገሪው ይላት ነበር? ወይስ ሸሪፋ እዚያ ካለች ዝም በይ ይላት ነበር? ይህን ነው የሚፈራው። ስልኩን አለማንሳቱን ለራሱ ይቅር ቢል እንኳ፣ ቢያነሣው ኖሮ ይላት የነበረውን ያውቀዋል።

አሁን ከአስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት፣ በፊት ያለው ጊዜ እያለቀ ነው። እርጉዝ ሆና የሞተች ሴት ሸሂዳ፣ ሰማዕት ናት፤ ሸሆቹ ይላሉ። ረቢአ ግን ልጄ አንድ ፍሬ ሳታፈራ ሄደች እያለች ነው የምታለቅሰው፤ ልቅሶ የመጡት ሴቶችም በሩን ሳይወጡ፣ እንኳን አልወለደች፣ ልጅ በማን እጅ ይቀር ነበር ብለው አጽናኗት። እንኳን። ይህን ሙጂብ ሲነግረው ጥርሱን ነክሶ አሜን አለ። ይህን አሜን ያለ አፍ ነው አሁን የሚናገረው። ከአልጋው ተነሣ። ተቀመጠ። የረቢአን ቁጥር ተጫነ።

ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ሁለተኛ ደወለ። አልተነሣም። ሦስተኛ ሲደውል በረት ውስጥ አንዲት ላም ጮኸች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ትከሻው ላላ። በቃ። ሦስት ነው። መመለስ ይችላል፤ ሸሁ የማይወቅሱት ነገር ነው፤ ሞክሬ ነበር፣ አላነሡም ይላል፤ ባለመድኃኒት ቤቱ ይንገራት። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ያች ሐኪም፣ አያቆምም፣ እስኪሰማ ድረስ ነው ያለችው መጣበት። የጤፍ ፍሬ የማያክል ነገር አያቆምም። እሱ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ለአራተኛ ጊዜ ደወለ።

«ዋ! ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለች ረቢአ ትንፋሽ እያጠራት። «የዙህር ሶላት ዘግይቶብኝ እየሰገድኩ ነበር። ሦስቴ ጮኾ ዝም ሲል ሄደ ብዬ ነበር። አንተ ደግሞ መች ከሦስት አልፈህ ታውቃለህ።»

«እማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ይቀመጡ።»

«ተቀምጫለሁ። መስገጃዬ ላይ ነኝ።»

«መድኃኒቱ የጨጓራ አይደለም። ጁወይሪያ እርጉዝ ነበረች።»

ከዚያ ወገን ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማ። ዶሮ ተሰማ። እሱ ተናገረ፤ አዲስ አበባ የሄዱበትን ተናገረ፣ ቱቦውን ተናገረ፣ ሐኪሟ ተመለሺ ማለቷን ተናገረ፣ እሱ አትሂጂ ማለቱን ተናገረ፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለእማም እንዳትናገሪ ማለቱን ተናገረ፣ ያልተነሡትን ሦስት ጥሪዎች ተናገረ፣ መተኛቱን ተናገረ። በሕይወቱ ይህን ያህል ቃል ባንዴ አውጥቶ አያውቅም። ሲጨርስ አፉ ደርቆ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አለች ረቢአ። በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። ለሱ አልነበረም የተናገረችው። ከዚያ፣ «ሐኪሙ ሲጠይቅ እኔ ነኝ የመለስኩለት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሙጂብ ነግሮኛል።»

«እና ለኔ ብለህ ነው ዝም ያልከው?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ቢላት ታምነዋለች፣ አላህ ይስጥህ ትለዋለች። «አይደለም» አለ። «ለራሴ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሸሂዳ ናት እንግዲህ» አለች። «አዎ እማ።» «ሸሂዳዋን ልጄን መካን ናት ብዬ ነው ለአፈር የሰጠኋት። ለሐኪሙ ሰጠኋት፣ ለአፈር ሰጠኋት።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለው ነበር። «በል ስማኝ። ዛሬ ለዱዓ ሴቶቹ እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ። እነግራቸዋለሁ። ልጄ መካን አልነበረችም እላቸዋለሁ። ለሐኪሙ የመለስኩትንም እነግራቸዋለሁ፤ ሸሪፋ ቆማ ሰምታለች፣ ልደብቅ ብልም አይደበቅም። አንተ ያልካትን ግን እኔ አልናገርልህም። የራሴ ይበቃኛል፤ ያንተን አልጨምርበትም።»

«ለማን ልናገር ታዲያ?»

«ለወንድሟ። ተሸክሟት የሄደው እሱ ነው፤ እጁ ላይ ነው ነፍሷ የወጣችው። ደውልለት።»

«ሰምቶ ቢዘጋብኝስ? ከዚያ ወዲያ ባያነሣስ?»

«እስኪያነሣ» አለች ረቢአ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሙሀዲን ጃኬቱን ከመስኮቱ አወረደ። ብርሃኑ ገባ። የሙጂብን ቁጥር አወጣና ተጫነ፤ ይጠራል። አሁን ከሚሴ ላይ አስር ሊሰገድ ነው፤ ሙጂብ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ እናቱን እየጠበቀ ይሆናል፤ እናቱ ወደ መድኃኒት ቤት አትሄድም። ይጠራል።

ጁወይሪያ የለችም። ሰላም ያለው ልጅ የለም። ከሚሴ ላይ ረቢአ፣ እዚህ ደግሞ ሙሀዲን እውነቱን ይዘው ቀሩ።